ከባቡሩ የወደቀችው ዓረፍተ ነገር

ኤል ፕሮግሬሶ፣ ሴፕቴምበር 9

ይድረስ ለተከበሩ አክስቴ ለወይዘሮ ኤርሜሊንዳ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? የሱያፓዋ እመቤታችን ከደጃፍዎ አትለይ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናቴ ሰላም በይልኝ አላለችም፤ ግን ይህን ስጽፍ ፊት ለፊቴ ቁጭ ብላ ባቄላ እየለቀመች ነው፤ ለማን እንደምጽፍ እያወቀች አለመነሣቷን እንደ ሰላምታ ይቁጠሩልኝ። እናንተ የወንድማማች ልጆች በአያቴ ቀብር ላይ በአንድ የአበባ ጉንጉን ስትኳረፉ እኔ አንደኛ ክፍል ነበርኩ፤ አሁን ዲግሪ ይዣለሁ፤ ጉንጉኑም ደርቆ አልቋል።

ዲግሪውን ይዤ ቤት ተቀምጬ ጎረቤቱ ሁሉ ሲስቅብኝ ከረመ። አሁን ግን ሳን ፔድሮ ሱላ ያለ የጥሪ ማዕከል ለሥልጠና ተቀበለኝ። እናንተ አገር ሐኪም ቤት እንግሊዝኛ የማያውቅ የኛ ሰው ሲገባ ሐኪሙ ይደውላል፤ እኛ እዚህ ተቀምጠን ወደ ስፓኒሽ እንመልስለታለን። ጀማሪው ሐኪሙ ተናግሮ እስኪጨርስ ይጠብቃል። እኔ የምመኘው ሌላውን ነው፤ ሐኪሙ ሳያቆም እየተናገረ፣ ሁለት ሦስት ቃል ከኋላው እየተከተሉ፣ በጆሮ እንግሊዝኛ እያስገቡ በአፍ ስፓኒሽ ማስወጣት። የዚህ ፈተና በጃንዋሪ መጨረሻ ነው። ያለፈ ቋሚ ሠራተኛ ይሆናል፤ የወደቀ ወደ ባቄላው ይመለሳል።

የሥራው ደንብ ያስቀኛል። «ዶክተሩ እንዲህ አሉ» አይባልም። ዶክተሩ «አዝናለሁ» ካለ እኔም «አዝናለሁ» እላለሁ፤ «ልቆርጠው ነው» ካለ የምቆርጠው እኔ ነኝ። ከመጀመራችን በፊት ብቻ በራሳችን አፍ «እኔ አስተርጓሚዎ ነኝ፤ የሚነገረውን ሁሉ ሳልጨምር ሳልቀንስ እናገራለሁ» እንላለን። ከዚያ ወዲያ እኛ የለንም። ባለፈው ጓሮ ሆኜ ጮክ ብዬ ስለማመድ የአሳማ ቆዳ ጥብስ የሚያዞረው ጋሽ ኑፍሪዮ በአጥሩ በኩል ሲያልፍ «ሐሞትዎ ውስጥ ጠጠር አለ» ስል ሰማኝ። ቅርጫቱን አስቀምጦ ጎኑን ይዞ ቀረ። በነጋታው ጤና ጣቢያ ሄደ፤ ምንም የለበትም። አሁን በኛ ደጅ ሲያልፍ ሁለት ጆሮውን በሁለት እጁ ደፍኖ ነው፤ ቅርጫቱን ማን እንደሚይዝለት እንጃ።

መምህራችን ጋስፓር አባቱ የሙዝ ባቡር ሠራተኛ ነበር። ዓረፍተ ነገር ሲያመልጠንና ወደ ኋላ ስንዞር «ከባቡር የወደቀ ሙዝ አይለቀምም» ይለናል። አንዱን ለማንሣት የወረደ ባቡሩን ሁሉ ያጣል። ይህ ለልምምድ ነው፤ በእውነተኛው ጥሪ ላይ ግን አስቁሞ «ዶክተር፣ ይድገሙልኝ» ማለት ግዴታ ነው። በልምምድ ወደ ኋላ ያየ እንደ ሎጥ ሚስት ጨው ሆኖ ይቀራል።

የቸገረኝ መለማመጃ ነው። በይነመረብ ላይ ያሉት ተዋንያን ናቸው፤ ለሰካራም እንደሚያስረዳ ሰው ቀስ እያሉ ነው የሚናገሩት። እርስዎ እንግሊዝኛን እንደ ውሃ የሚጠጡ ሰው ነዎት፤ በልጅነቴም የእንግሊዝኛ መማሪያ ካሴቱን ልከው ያስጀመሩኝ እርስዎ ነዎት። የእውነተኛ ሐኪም ንግግር የተቀዳ ቢያገኙልኝ፣ ከተቻለም ጆሮ የማያሳምም ማዳመጫ ቢጨምሩበት፣ ውለታዎን እስክሞት አልረሳም። ስልክ ወሬ ነው፣ ደብዳቤ ቃል ነው ስለሚሉ ይህን ወደ እናንተ ዕቃ በሚያመላልሰው በጋሽ ሊሳንድሮ እጅ ልኬያለሁ፤ የሰፈሩን አይብ ሁሉ ይዞ ስለሚመጣ ወረቀቱ ቢሸት ይቅርታ።

አክባሪ ልጅዎ ኖልቪያ


ኒው ኦርሊንስ፣ ኦክቶበር 6

ለኖልቪያ፣

እንደምን ከረምሽ? እኔ አለሁ። እግዚአብሔር ረጅም ዕድሜ ይስጥሽ፤ ለእናትሽም ይስጣት፤ እሷ ለመማር ብዙ ጊዜ ያስፈልጋታል።

ደብዳቤሽ ረጅም ነው። ሐኪም ቤት ገብተሽ እንዲህ ካወራሽ በሽተኛው ትርጉሙ ሳያልቅ ይሞትብሻል። ይሁን። ማዳመጫውን ልኬልሻለሁ፤ ጥሩ ነው፤ የማጸዳው መሥሪያ ቤት አለቃ ሲቀይር አሮጌውን ሰጠኝ፤ አሮጌ ሲባል አንቺ ካየሽው አዲስ ይበልጣል።

አብሮት በላክሁት ፍላሽ ላይ የፈለግሽው አለ። ኡርባና የምትባል ጎረቤት አለችኝ፤ የአገራችን ሰው፣ የኦላንቾ ሴት ናት፤ ምስኪን፤ ይህን ሁሉ ዓመት እዚህ ኖራ «የስ» ማለትን ብቻ የተማረች መሃይም። ዶክተሩ ምን እንዳላት ሊነግራት ሲጠራት አብሬያት ገብቼ በስልኬ ቀዳሁት። እኔ ሁሉንም ሰምቻለሁ። ግን ክፉ ወሬ ከጎረቤት አፍ ሲወጣ ምቀኝነት ይመስላል፤ ስለዚህ አልነግራትም። የሐኪም ቤቱ አስተርጓሚ አለች ብትዪኝ፣ እሷ የኛ ቤተ ክርስቲያን ዘማሪ ናት፤ ዓርብ የሰማችውን እሑድ ትዘምረዋለች። አንቺ ተርጉሚውና ድምፅሽን በዚሁ ፍላሽ መልሽልኝ፤ አሰማታለሁ።

ቃላት አታሳምሪ። የበቆሎ ታማሌ በቅጠል ጠቅልላ የምትሸጥ ሴት የሚገባትን ስፓኒሽ ተናገሪ። እናትሽ እንዳትሰማው።

ኤርሜሊንዳ


ኤል ፕሮግሬሶ፣ ኦክቶበር 27

ለተከበሩ አክስቴ፣

ሰላምታዬ ከዚህ የኡሉዋ ወንዝ እስከዚያ የእርስዎ ወንዝ ይድረስ። እንኳን ጎርፍ አላገኛችሁ፤ እኛን እስከ ደጃፍ ነክቶን ተመለሰ። ማዳመጫው ጆሮዬ ላይ ሲቀመጥ ሰው የሆንኩ መሰለኝ።

እውነቱን ልንገርዎ፤ የወይዘሮ ኡርባናን በሽታ ስሰማ ደስ አለኝ። ይቅር ይበለኝ። ግን እንደዚህ በቃላት የበለጸገ በሽታ አግኝቼ አላውቅም። ዶክተሩም ፈጣን ነው፤ የኛ ተዋንያን እንደሚሉት «እንዴት ነዎት ዛሬ» እያለ አይዞርም። መምህር ጋስፓርም ሰምቶ «ይህ ወርቅ ነው» ብሎ ለክፍሉ አንድ ቅጂ ወሰደ።

ሦስት ቀን ተለማምጄ በአንድ ትንፋሽ ቀዳሁት። መሃሉ ላይ ያለውን ቦታ ልብ ብለው ይስሙልኝ፤ ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። «ያየነው ዕጢ ክፉ ዓይነት ነው፤ ካንሰር ነው። ትልቁን አንጀትዎን ከግማሽ በላይ ዘግቶታል» አልኩና፣ ወዲያው «ለሕመሙ መድኃኒት እጽፍልዎታለሁ። ቤተሰብዎን ያማክሩ፤ ይህን ነገር ብቻዎን አይሸከሙት» እላለሁ። እዚያ መካከል ዶክተሩ ሮጠብኝና አንዲት ዓረፍተ ነገር ከባቡሩ ወደቀችብኝ። አልወረድኩላትም። ስፌቱ እንዳይታይ አድርጌ ቀጠልኩ። መምህር ጋስፓር ሲሰማ ጠረጴዛውን መታ፤ «አሁን አስተርጓሚ ሆንሽ» አለኝ። ከሠልጣኞቹ ሁሉ ለእኔ ብቻ ነው ያለው።

ዋናውን እርስዎ ስለሰሙት የወደቀችውን ለወይዘሮ ኡርባና በቃልዎ ይሙሉላቸው።

ሳልጨምር ሳልቀንስ የምወድዎ
ኖልቪያ


ኒው ኦርሊንስ፣ ኖቬምበር 20

ለኖልቪያ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ከፍ ያለ ግንባር ይስጥሽ።

ድምፅሽ ደርሶኛል። ጥሩ ድምፅ አለሽ። ያለቀሰ ሰው ድምፅ አይደለም። ኡርባና ደጋግማ ሰማችው። ቁጭ ብላ ሰማች፤ ቆማ ዕቃ እያጠበች ሰማች። በመጨረሻ «ይህች ልጅ ጨካኝ ናት ወይስ ሕፃን ናት?» ብላ ጠየቀችኝ፤ ዘመዴ ናት አልኳት።

ስለ ወደቀችው ዓረፍተ ነገር ኡርባና «ምን ነበረች?» አለችኝ። እኔም በጊዜው ሰምቻታለሁ፤ ግን የሰው በሽታ በጭንቅላቴ አልሸከምም፤ ረሳሁት። ካስታወስሽ ጻፊልኝ። ካላስታወስሽ ተዪው።

ሌላ ጉዳይ። ለሙታን ቀን መቃብር ሳትሄጂ አልቀረሽም። እናቴ ያለችበት እንዴት ነው? ጎኗ ያለው ቦታ ተይዟል ወይስ ባዶ ነው? እንዲሁ ለወሬ ነው የምጠይቅሽ።

ስልኬ ሰሞኑን አላርፍ ብሎኝ ነበር። ከሐኪም ቤት እየደወሉ በእንግሊዝኛ ይለፈልፋሉ። ሂሳብ ፈላጊዎች ናቸው፤ ሌላ ምን ይፈልጋሉ። ኡርባና የኔን ቁጥር ሰጥታቸው ነው ጣጣው። ሲም ካርዱን አውጥቼ ጣልኩት።

ኤርሜሊንዳ


ኤል ፕሮግሬሶ፣ ዲሴምበር 12

ለተከበሩ አክስቴ፣

የሚወለደው ሕፃን ጌታ ሰላሙን አስቀድሞ ለእርስዎ ይላክ። እናቴ ለገና ከምትሠራው ሮስኪያ ብስኩት አንድ ከረጢት በጋሽ ሊሳንድሮ ልካለች። ለእርስዎ ነው አላለችም፤ «ለዚያች» ነው ያለችው፤ ግን ከሌላው መርጣ ያልተቃጠለውን ነው የከተተችው።

መቃብር ሄጄ ነበር። የእናትዎ መስቀል ቆሟል፤ ቀለም ያስፈልገዋል። ጎናቸው ባዶ ነው፤ አንድ ሰው በደንብ ያስተኛል። ለጊዜው ቡናማ ውሻ ነው የሚተኛበት፤ ከነቤተሰቡ ይዞታል። ሊመጡ አስበው ከሆነ ቤታችን አልጋ አለና ከውሻ ጋር አይጣሉ።

የወደቀችዋ ዓረፍተ ነገር ትንሽ ነገር ናት፤ ስለ ቀጠሮ ይመስለኛል፤ ዶክተሮች እዚያ ቦታ ላይ ሁልጊዜ ስለ ቀጠሮ ነው የሚያወሩት። መልሼ ልሰማት አስቤ ነበር፤ ግን ፍላሹን ወደ እርስዎ መልሻለሁ፤ ያለው ቅጂ መምህር ጋስፓር ዘንድ ነው፤ እሱ ዘንድ ሄዶ የወደቀ ሙዝ ልልቀም ማለት መሳቂያ መሆን ነው። ፈተናው እየደረሰ ነው፤ አሁን የምሠራው በስኳርና በኩላሊት ላይ ነው።

ወይዘሮ ኡርባና በክፍላችን ስም አውጥተዋል። ሁላችንም በእሳቸው ተለማምደናል። ጠዋት ፊቱ ገርጥቶ የመጣ ሠልጣኝ «ኡርባና፣ እንዴት አደርሽ» ይባላል። አንዱ ልጅ «አንጀቴን ዘጋኝ» እያለ እያነከሰ ሲገባ መምህሩ ሳይቀር ሳቀ። ይህን አይንገሯቸው።

ሁለተኛ ጊዜ ወደ ዶክተሩ ሲሄዱ እባክዎ እንዳያመልጥዎ፤ ይቅዱልኝ። ሕክምና ከጀመሩማ ደግሞ ሌላ ቃላት ይመጣል። እሳቸው ካልሆኑም ሌላ የታመመ ሰው ይፈልጉልኝ፤ ልብ ቢሆን እመርጣለሁ።

ልጅዎ ኖልቪያ


ኒው ኦርሊንስ፣ ጃንዋሪ 15

ለኖልቪያ፣

አዲሱ ዓመት ለወጣቶች መልካም ይሁን።

ሮስኪያው ደረሰ። ደረቅ ነው። ለእናትሽ በልቼዋለሁ በያት።

ሌላ የታመመ ሰው የለኝም። እዚህ ሰው እንደ ማንጎ ከዛፍ የሚለቀም መሰለሽ? ኡርባናም ወደ ሐኪሙ አትሄድም። ሞትሽ ነው መባልን አንድ ጊዜ ሰምታዋለች፤ ሁለተኛ ለመስማት ለምን ትሄዳለች? ሥራዋን ትታለች። ቤቷ ቁጭ ብላ ጠረጴዛ ጨርቅ ትጠልፋለች፤ የሚበላበት ሰው የሌለው ጠረጴዛ። እየከሳች ነው። ቀድሞ ወፍራም ነበረች፤ ለዓይን አሁን ትሻላለች።

ለፈተናሽ የምትለብሽው ቀሚስ ልኬልሻለሁ። የኔ ነበር፤ ሰፍቶኛል። አንቺ ደግሞ ጠባብ ነው እንዳትዪ፤ በእናትሽ እናት ወገን ሁላችሁም ዳሌያም ናችሁ፤ ልክሽ ይሆናል። የልብስ ስፌት ማሽኔንም ጋሽ ሊሳንድሮ በሚቀጥለው ያመጣላችኋል። ለምን አትበይ። ቦታ ያዘብኝ።

ፈተናሽን እለፊ። ከዚህ ሁሉ ነገር አንድ ነገር እንኳ ይውጣ።

ኤርሜሊንዳ


ኤል ፕሮግሬሶ፣ ፌብሩዋሪ 20

ለተከበሩ አክስቴ፣

እንደምን አሉልኝ? እግዚአብሔር በጤና ያቆይዎት፤ ዛሬ ይህን የምለው ለወጉ አይደለም።

አለፍኩ። ቀሚሱ ልኬ ሆነ። ከክፍላችን አራታችን ቋሚ ሆንን። ይህን በዘፈን ልጽፍልዎ አስቤ ነበር፤ ግን ሌላ ነገር ስላለ በቶሎ ልለፈው። ጋሽ ሊሳንድሮን ሳልጠብቅ ነገ በአውሮፕላን በምትሄድ የመምህሩ እህት እጅ ነው የላክሁት።

ትናንት መምህር ጋስፓር ለአዲሶቹ ሠልጣኞች የወይዘሮ ኡርባናን ቅጂ ከፈተ፤ እኔ እንዳግዛቸው ኋላ ቆሜያለሁ። አንዲት ቀጭን ልጅ፣ ገና ሁለተኛ ሳምንቷ ነው፣ እየተንተባተበች ትተረጉማለች። ሁሉ ይስቅባታል። እኔ የጣልኩት ቦታ ስትደርስ እሷ አልጣለችም። ከሌላ ሰው አፍ ሰማኋት። ቃል በቃል ይኸውልዎ፤ «ጉበትዎ እስካሁን ንጹሕ ስለሆነ፣ ከገና በፊት ቀዶ ሕክምና ካደረግንልዎ፣ እንደርስዎ ያሉት አብዛኞቹ ይድናሉና፣ ቀኑን ለመያዝ በስልክ እንደውልልዎታለን።»

አክስቴ፣ ስለ ቀጠሮ ናት ብዬዎት ነበር። ስለ ቀጠሮም ናት።

እርስዎ እንግሊዝኛውን ስለሰሙት ያኔውኑ ነግረዋቸዋል ብዬ ራሴን አጽናናለሁ። ግን «ሞትሽ ነው መባልን ሰምታዋለች» ብለው የጻፉልኝን አውጥቼ አነበብኩት። ሞትሽ ነው ያለ የለም። እኔም አላልኩም፤ ዶክተሩም አላለም። ያቺ ዓረፍተ ነገር ስትወጣ ግን የቀረው እንደዚያ ነው የሚመስለው፤ ትናንት የልጅቷን ትርጉምና የኔን አስተያይቼዋለሁ።

እባክዎ ዛሬውኑ ይዘዋቸው ይሂዱ። ገና ካለፈ ብዙም አይደለም፤ ዶክተሮች ሰው እንዳይዘገይ ቀኑን ያሳጥራሉ ይባላል። ደወልኩልዎ፤ ቁጥሩ አይሠራም፤ ካርዱን መጣልዎን ረስቼ ነው። በፌስቡክ ኦላንቾዎቹን ሁሉ ጠየቅሁ፤ በእርስዎ ሰፈር ኡርባና የምትባል ሴት የሚያውቅ ጠፋ።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ ፈልጌ ነበር። ተውኩት። መልስ ቶሎ ይላኩልኝ።

ኖልቪያ


ኒው ኦርሊንስ፣ ኤፕሪል 28

ለአስተርጓሚዬ ለኖልቪያ፣

የጸሎተ ሐሙስ ሾርባሽን፣ የትንሣኤ ዓሣሽን በሰላም በላሽ? እኔ ዘንድሮ ጾሙን ሳልፈታው ቀረሁ፤ ምግብ አይወርድልኝም።

ልትጠይቂኝ ፈርተሽ የተውሽውን ልመልስልሽ። ኡርባና የምትባል ሴት የለችም። «የስ» ማለትን ብቻ የተማረችው መሃይም እኔ ነኝ። ያንን ካሴት ስልክልሽ ሱቅ ገብቼ «ለሕፃን» ብዬ ገዛሁ እንጂ ከፍቼ አልሰማሁትም። አንቺ እንድታውቂ ብዬ፤ ለኔ ጊዜው አልፏል ብዬ። ለሰው ሁሉ ግን እንግሊዝኛ አውቃለሁ አልኩ፤ ለእናትሽ በተለይ። አበባ ጉንጉኑ ላይ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነበር፤ ትርጉሙን ስትጠይቀኝ «አንቺ አይገባሽም» አልኳት። ሱቁ የጻፈው ነበር፤ እኔም አላውቀውም ነበር። ይኸው ነው ጠባችን። ንገሪያት ወይም አትንገሪያት።

ደብዳቤሽ እንደ ደረሰ ሄድኩ። ያው ዶክተር ነው። አስተርጓሚ በስክሪን አመጡልኝ፤ ስክሪኑን ወደ ግድግዳ አዞርኩት። የራሴ አስተርጓሚ አለችኝ አልኩ፤ በእጅ ምልክት ነው ያልኩት። ዶክተሩ አዲስ ያነሡኝን የራጅ ፊልም አይቶ ብዙ ተናገረ። ፊቱን ያለ አስተርጓሚ አነበብኩት፤ ቃሉን ግን አላውቀውም። ሌላ ሰው እንዲነግረኝም አልፈቀድኩም። ቀድቼዋለሁ። ፍላሹ ይኸው።

አንቺ ትነግሪኛለሽ። በመጀመሪያው ድምፅሽ፤ ያልተንቀጠቀጠው ነው የምፈልገው። በወረቀትም ጻፊው፤ እጄ ላይ የሚቆይ እፈልጋለሁ። ከባቡሩ አንድ ፍሬ እንዳይወድቅ። «ዶክተሩ እንዲህ አሉ» እንዳትዪ፤ አንቺ ራስሽ በዪኝ። ከራስሽም አንዲት ቃል አትጨምሪ፤ ሰላምታም ቢሆን፣ ይቅርታም ቢሆን። ይቅርታ የዶክተሩ ካለበት ተርጉሚው። የራስሽን ለራስሽ ያዢው። ደንቡ እሱ አይደል?

ኡርባና የሚለው ስም እዚያ ክፍላችሁ አሁንም ያስቃል?

ውሻውን ከቦታዬ አባሪልኝ፤ ቡችሎቹንም።

ኤርሜሊንዳ


ኤል ፕሮግሬሶ፣ ሜይ 11

እኔ አስተርጓሚዎ ነኝ። የሚነገረውን ሁሉ ሳልጨምር ሳልቀንስ እናገራለሁ።

«ይግቡ፤ ይቀመጡ። ከመጡ ብዙ ጊዜ ሆነዎት። በእርግጥ አስተርጓሚ አይፈልጉም?»

የስ።

«አይፈልጉም ማለትዎ ነው? እሺ። ፊልሙን አይቼዋለሁ። ዕጢው አንጀትዎን አልፎ ወጥቷል። ወደ ጉበትዎ ተሰራጭቷል፤ ሳንባዎም ላይ ነጠብጣብ አያለሁ። ይገባዎታል?»

የስ።

«አሁን ቀዶ ሕክምና ባደርግልዎ አሠቃይዎታለሁ እንጂ አልጠቅምዎትም። ከእንግዲህ የማደርግልዎት ሕመሙን ማስታገስ ነው። አዝናለሁ። ሕመም ሲበረታ የሚያነሣዎት፣ ውሃ የሚያቀብልዎት ሰው ቤት አለ? ዘመድ አለዎት?»

የስ።

«ጥሩ። እሱ ጥሩ ነው። ሊጠይቁኝ የሚፈልጉት ነገር አለ?»

ኦክቶበር?

«ምን አሉኝ?»

ኦክቶበር። ኦክቶበር፣ ዶክተር?

«ገባኝ። አዎ። ደውለንልዎት ነበር፤ ደጋግመን ደውለንልዎት ነበር። አዎ፤ በኦክቶበር ቢሆን ኖሮ አድንዎት ነበር።»

አስተርጓሚዎ